ተማሪዎቻችን የተከሉትን ዛፍ እንዲለኩ
ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ደን ልማት

ጉዳዩ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደን የሚያከማቸውን ካርቦን በራሳቸው ልኬት የሚማሩበት ቋሚ የተግባር ትምህርት እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ይኸውም እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በግቢው ወይም በአቅራቢያው ያሉ የተወሰኑ ዛፎችን ለይቶ ቁጥር እንዲሰጣቸው፣ ተማሪዎችም በየዓመቱ እነዚያኑ ዛፎች እየለኩ ምን ያህል ካርቦን እንዳከማቹ እንዲያሰሉ፣ ውጤቱም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ተጽፎ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች እንዲተላለፍ ነው። ይህ ሥራ ለክበብ ፍላጎት ብቻ የተተወ እንዳይሆንና የመደበኛው ትምህርትና ምዘና አካል እንዲሆን እጠይቃለሁ። ደብዳቤውን ለሁሉም ግልጽ ያደረግሁት መምህራን፣ ወላጆችና የደን ባለሙያዎች ሐሳባቸውን እንዲጨምሩበት፣ የተሳተውንም እንዲያርሙ ስለምፈልግ ነው።

ተማሪዎቻችን ስለ ፎቶሲንተሲስ አያውቁም ማለት አይቻልም። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ወደ ስኳርና ኦክስጅን እንደሚለወጡ የሚያሳየውን እኩልታ በቃላቸው ይጽፋሉ፤ በፈተናም አይስቱትም። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ዛፍ እያሳዩ "ይህ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?" ብለው ቢጠይቋቸው አብዛኞቹ የሚሰጡት መልስ "ከአፈር" የሚል ነው። ይህ ግምት የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ዘመናት ሊቃውንትም ይህንኑ ያምኑ ነበር። የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት እ.ኤ.አ. በ1648 በታተመው ሥራው የገለጸው ሙከራ ታዋቂ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። 90 ኪሎ ግራም ያህል የደረቀ አፈር በትልቅ ገንቦ አድርጎ 2 ኪሎ ግራም ተኩል እንኳን የማይሞላ የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ እያጠጣ ካሳደገው በኋላ ዛፉን ነቅሎ ሲመዝነው ወደ 77 ኪሎ ግራም ደርሷል፤ ከአፈሩ የጎደለው ግን 60 ግራም እንኳን አልሞላም። ቫን ሄልሞንት እንጨቱ ከውሃ የተሠራ መሰለው። ከአየር የሚገባው ካርቦን ድርሻ የታወቀው ከእርሱ በኋላ ነው። ይህን ሙከራ ለተማሪ መተረክ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንድ ወጣት በእጁ የለካውን የዛፍ ግንድ በራሱ ስሌት ወደ ኪሎ ግራም ካርቦን ለውጦ፣ ያ ካርቦን አንድ ጊዜ በአየር ላይ የነበረ መሆኑን ሲረዳ የሚያገኘውን ዕውቀት የትኛውም ትረካ አይተካውም።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ላሳይ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ "የቤተ ሙከራ ዕቃ የለንም" የሚለው መልስ የሚቀድመው ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ሳይታይ ነው። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ፕሮትራክተር፣ ክርና አንድ ትንሽ ብሎን ነው። ተማሪዎች በመጀመሪያ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ ይለካሉ። ይህ ከፍታ የደን ባለሙያዎች በየአገሩ የሚጠቀሙበት ነው፤ ከዚያ በታች ግንዱ ወደ ሥሩ ስለሚሰፋ ልኬቱን ያሳስታል። የልብስ ሰፊ ሜትር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል ስለማያልፍ ለትልቅ ግንድ መጀመሪያ ሲባጎ ይጠመጠምና ሲባጎው ይለካል። ዙሪያውን ለ3.14 ማካፈል ዲያሜትሩን ይሰጣል። ክርክር የሚነሳውም እዚሁ ላይ ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ 1 ሜትር ከ30 የሚቆጠረው ከየት በኩል ነው? ከላይኛው በኩል ነው። ግንዱ ከዚያ ከፍታ በታች ለሁለት የተከፈለ ከሆነስ? እያንዳንዱ እንደ አንድ ግንድ ይለካል። ተቆርጦ ከጉቶው አራት ሆኖ ያቆጠቆጠ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አራት ጊዜ ይለካል ማለት ነው። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ሕጎች ተማሪው "ልኬት ማለት ስምምነት ነው" የሚለውን የሳይንስ መሠረት የሚማርባቸው ናቸው።

ቁመቱን ለመለካት ከፕሮትራክተሩ መሃል ላይ ክር አስሮ በጫፉ ብሎን ማንጠልጠል፣ ቀጥታው ጠርዝ ላይም ለማነጣጠሪያ የሚሆን ባዶ የእስክሪፕቶ ቀፎ መለጠፍ ይበቃል። ተማሪው በቀፎው ቀዳዳ የዛፉን ጫፍ እያየ፣ ክሩ 45 ዲግሪ እስኪያመለክት ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። የ45 ዲግሪ ታንጀንት አንድ ስለሆነ በሜዳማ ቦታ ላይ ዛፉ ከዓይኑ በላይ ያለው ቁመት ከግንዱ እስከቆመበት ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሆናል፤ ርቀቱ 10 ሜትር ተኩል፣ የዓይኑ ከፍታ ደግሞ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ዛፉ 12 ሜትር ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ታንጀንትን ለፈተና ብቻ የሚያስታውሱ ልጆች ያለ ማንም ትእዛዝ "ሌላውንም ዛፍ እንለካ" ሲሉ አይቻለሁ፤ መምህር ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዛፉን ሳንቆርጠው እንዴት እንመዝነዋለን? መልሱ ሌሎች ቆርጠው መዝነውልናል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነውና በብዙ የሞቃት አገሮች ጥቅም ላይ የዋለው ቀመር የተሠራው በ58 ቦታዎች ተቆርጠው ከተመዘኑ 4,004 ዛፎች ነው። የዛፉ ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር በራሱ ይባዛል፤ ከዚያም በሜትር በተለካው ቁመትና በእንጨቱ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ ባለው ደረቅ ክብደት በግራም ይባዛል፤ የተገኘው ቁጥር 0.976 ኤክስፖነንት ይደረግበትና በ0.0673 ይባዛል። ውጤቱ ከመሬት በላይ ያለው የዛፉ ደረቅ ክብደት በኪሎ ግራም ነው። ከደረቁ ክብደት 47 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው። ካርቦኑ በአየር ላይ ሳለ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደነበር ለማወቅ በኬሚስትሪ የተማሩትን የአቶምና የሞለኪውል ክብደት ያነሳሉ፤ 44 ለ12 ሲካፈል 3.67 ይሆናል፤ በዚያ ያባዛሉ።

በቁጥር ላሳየው። ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሜትር የሆነ ዋንዛ እንውሰድ፤ የእንጨቱን እፍግታ 0.5 ብንይዝ ደረቅ ክብደቱ 296 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ካርቦኑ 139 ኪሎ ግራም ነው፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ 510 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሥሩ አልተካተተም፤ ሥሩን ለመጨመር ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ክብደት አንድ አራተኛ ገደማ ይታሰባል። አሁን በዚሁ ዙሪያና በዚሁ ቁመት አንድ ወይራ እንውሰድ። የወይራ እንጨት እጅግ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ እፍግታውን 0.9 ብንይዝ ደረቅ ክብደቱ 525 ኪሎ ግራም፣ ካርቦኑም 247 ኪሎ ግራም ገደማ ይወጣል። በዓይን ሲታዩ እኩል የሆኑት ሁለት ዛፎች በያዙት ካርቦን አንዱ ሌላውን ሁለት እጥፍ ሊደርስበት ጥቂት ነው የቀረው። ቶሎ የሚያድገውን ብቻ የሚመርጥ ሰው ዝግ ብሎ የሚያድገው ወይራ ምን እንደያዘ ከዚህ ስሌት ይማራል። ይህን ለተማሪ በቃል ነግሬው ቢሆን ኖሮ ማስታወሻው ላይ ጽፎ ያልፈው ነበር፤ ራሱ ሲያሰላው ግን ይከራከርበታል፣ ካልኩሌተሩን መልሶ ይነካል፣ ጓደኛውን ይጠራል።

ስህተትም ትምህርት ነው። አንድ ቡድን ያንኑ ግንድ 94፣ ሌላው ቡድን 97 ሴንቲ ሜትር ብሎ ቢመጣ፣ በክብደቱ ላይ የሚፈጠረው ልዩነት 6 በመቶ ያህል ነው። ለምን? ዲያሜትሩ በራሱ ስለሚባዛ ትንሿ የሜትር ስህተት በስሌቱ ውስጥ ወደ ሁለት እጥፍ ትሰፋለች። ቁመቱ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ እጥፍ የሆነ ዛፍ ወደ አራት እጥፍ የተጠጋ ክብደት አለው የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። ተማሪዎች ሁለቱን ልኬቶች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው የትኛው ቡድን ሜትሩን አዘንብሎ እንደያዘ ሲመረምሩ፣ ቁጥር ሁሉ እርግጠኝነቱ እስከምን ድረስ እንደሆነ መጠየቅ ይለምዳሉ። ስለ አየር ንብረት በየዕለቱ ብዙ ቁጥር በሚነገርበት በዚህ ዘመን ይህ ልማድ የዜግነት ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ከነበረበት ከ280 ገደማ ዛሬ ከ420 በላይ መድረሱን የሚሰማ ወጣት፣ ቁጥሩ እንዴት እንደተለካ የመጠየቅ ድፍረት ሊኖረው ይገባል።

ይህን ሁሉ የማነሳው አገራችን በየክረምቱ የምታደርገውን ጥረት በማሰብ ነው። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ተማሪዎቻችንም በየዓመቱ ይተክላሉ፤ በደስታም ይተክላሉ። የምንቆጥረው ግን የተተከለውን ነው። ካርቦን የሚያከማቸው ደግሞ ጸድቆ ያደገው ነው። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር የደረሰ፣ እፍግታውም 0.5 የሆነ ወጣት ዛፍ በዚያው ቀመር ሲሰላ ወደ 3 ኪሎ ግራም ደረቅ ክብደት ብቻ ነው ያለው። ከላይ የጠቀስኩትን ዋንዛ ለአንድ ግንባታ ብንቆርጠው፣ በቆምንበት ቀን እርሱን የሚተኩ ወደ መቶ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ወጣት ዛፎች ያስፈልጉናል። ችግኙ ወደዚያ መጠን እስኪደርስ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ፍየል፣ ድርቅና ሰው አሉ። ተማሪ ይህን ሲያሰላ የመትከል ስሜቱ አይቀንስም። ይልቁንም በግቢው ያለውን አሮጌ ዛፍ ለመጠበቅም፣ የተከለውን ተመልሶ ለማየትም ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ ክረምት ላይ በተማሪዎች ከሚተከለው ችግኝ ውስጥ ጥቂቱ ቁጥር ተሰጥቶት በቋሚው መዝገብ ውስጥ ቢገባና በየዓመቱ የጸደቀውና የደረቀው ቢጻፍ፣ የመርሐ ግብሩን ፍሬ ከማንም በላይ በታማኝነት የሚያውቁት ትምህርት ቤቶች ይሆናሉ።

ደን እንዲያገግም መትከል ብቸኛው መንገድ አለመሆኑንም ልጆቻችን በልኬት ሊያዩት ይችላሉ። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው ተቆርጠው ከቀሩ ጉቶዎችና ሥሮች ያቆጠቆጠውን አርሶ አደሮች መርጠው እየገረዙና ከልቅ ግጦሽ እየጠበቁ በማሳደጋቸው ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 የካርቦን ቅነሳን ወደሚሸጥ ክሬዲት በሚለውጠው በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ፣ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ያስቀራል ተብሎ ታቅዷል። ካርቦን ለገበሬው ማኅበራት ገንዘብ ሆኖ የመጣበት ምሳሌ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ዛፎቹ ስለተለኩ ነው። የደን ካርቦን ገበያ እየሰፋ ሲሄድ በየገጠሩ የሚለካና የሚመዘግብ ሰው ይፈለጋል፤ ያ ሰው ከሩቅ ተቀጥሮ ከሚመጣ ይልቅ የአካባቢው ልጅ ቢሆን ምን ያህል እንደሚጠቅም መናገር አያስፈልገኝም።

"ደን የሌለበት ወረዳ ምን ይለካል?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። በ2007 ዓ.ም. በጸደቀው የአገራችን ትርጓሜ መሠረት ደን ለመባል ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር የዛፍ ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ይጠይቃል። ብዙ የትምህርት ቤት ግቢዎች ይህን አያሟሉም። ነገር ግን የካርቦን ትምህርት ደንን አይጠብቅም፤ በአጥር ዳር ያሉ ግራቪሊያዎች፣ በገበያ ቦታ ያለ ዋርካ፣ በቆላው ያሉ ግራሮች ሁሉ ይለካሉ። በሰሜኑ ክፍል እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ብዙ ያጠኗቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ፤ በደቡብ ጎንደር ሜዳ ላይ አገር በቀል ዛፍ በብዛት የሚታየው በእነዚህ ነው። በከፋና በያዩ የዩኔስኮ የባዮስፌር ክልሎች ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የጫካ ቡና ጥላ ዛፎችን፣ በጌዴኦ ያሉት ደግሞ ከእንሰትና ከቡና ጋር የሚያድጉትን ዛፎች ሊለኩ ይችላሉ። ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች እንጦጦና የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ቅርብ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ግቢ ለመለካት ከአስተዳዳሪዎቹና ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከመስጊዱ ኮሚቴ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው፤ በዛፉ ላይም ሚስማር አይመታም፣ ቅርፊት አይላጥም፤ ቦታው በካርታ ተነስቶ ዛፉ በቅደም ተከተሉ ይታወቃል። በአክብሮት ለተጠየቀ ጥያቄ በሩ ሲከፈት ነው ያየሁት፤ አንዳንዴም አባቶች የዛፉን ዕድሜ የሚናገር ታሪክ ጨምረው ይሰጣሉ፤ ያንንም ተማሪው በመዝገቡ ጠርዝ ይጽፈዋል።

ስለ አፈሩ በአጭሩ ላንሳ። በዓለም ደረጃ አፈር የያዘው ካርቦን እጽዋት ከያዙት እንደሚበልጥ ይታወቃል፤ ሙሉውን መለካት ግን የትምህርት ቤት አቅም አይደለም፤ ምድጃና ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ሊሠራ የሚችለው የቅጠል መበስበስን መከታተል ነው። እኩል የተመዘነ የደረቀ የዋንዛና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለየብቻው በሽንኩርት መረብ ከረጢት ይደረግና በዛፍ ሥር በአፈር ይሸፈናል፤ ከወራት በኋላ ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ ደርቆ ይመዘናል። የጎደለው ክብደት አንድም ወደ አየር ተመልሷል፣ አንድም ወደ አፈር ገብቷል። የትኛው ቅጠል እንደፈጠነ ተማሪው ከሚዛኑ ላይ ያነባል። በዚሁ አጋጣሚ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ለማገዶ ሲውል ካርቦኑ በአንድ ምሽት ወደ አየር እንደሚመለስ፣ ለቤት ምሰሶ ሲውል ግን ቤቱ እስካለ ድረስ እንደሚቆይ ያነጋግራል።

ክቡራን፣ እንቅፋቶቹ እንዳሉ አውቃለሁ። ክፍሎቻችን በተማሪ የተጨናነቁ ናቸው፤ የአንድ ክፍለ ጊዜ ርዝመት ለመውጣትም ለመመለስም አይበቃም፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብም ነጥብ ስለሌለው በፈተና ሰሞን ይበተናል። ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የባዮሎጂ፣ የሒሳብና የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜዎች ተዋሕደው ግማሽ ቀን ለልኬት እንዲመደብ፣ ውጤቱም በሦስቱም ትምህርቶች ተከታታይ ምዘና ውስጥ እንዲቆጠር፤ ተማሪ አንድ ሥራ ሠርቶ በሦስት ትምህርት ሲመዘን መምህሩም ተማሪውም ይቆጥባሉ። ሁለተኛ፣ ከኢትዮጵያ ደን ልማትና ከዩኒቨርሲቲዎች የደን ትምህርት ክፍሎች ጋር በመተባበር የአካባቢ ዛፎችን ስም፣ የእንጨታቸውን እፍግታና ተስማሚውን ቀመር የያዘ አጭር መምሪያ በየክልሉ የሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ነገር ግን ልኬቱን አብረውን የሚሠሩት የግቢው አትክልተኛ፣ የደብሩ አስተዳዳሪና የአካባቢው ገበሬ መረዳት ያለባቸው በቋንቋቸው ነው። ከላይ የጠቀስኩት ቀመር አጠቃላይ ነው፤ ለጽድና ለዝግባ፣ ወይም ከጉቶ ላደገ ባሕር ዛፍ የበለጠ የሚስማማ ካለ ባለሙያው ያሳየን። ሦስተኛ፣ መምህራን ክረምት ላይ በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ለሁለት ቀን ዛፍ ሥር ቆመው እንዲለኩ ይደረግ፤ ይህን ትምህርት በስላይድ የተማረ መምህር በስላይድ ያስተምረዋል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው አንድ ነገር አለ፤ በግልጽ ልናገረው። ይህ ሥራ ወደ ሪፖርት ውድድር ከተለወጠ ይሞታል። "በዚህ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ቶን ካርቦን ተከማችቷል" የሚል ቁጥር ለሽልማት ወይም ለግምገማ ከተፈለገ ቁጥሩ በየዓመቱ ያድጋል፤ ዛፉ ግን ላያድግ ይችላል። በመዝገቡ ላይ "ቁጥር 14፣ ደርቋል" ወይም "ቁጥር 22፣ ለመማሪያ ክፍል ግንባታ ተቆርጧል" የሚለው ዓረፍተ ነገር እንደ ጥሩ ውጤት ሊቆጠር ይገባል፤ የተማሪውን ታማኝነት የሚያሳየው እሱ ነውና። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሮች ሲመጡ እንዲመለከቱት የምፈልገው መዝገቡ በየዓመቱ መሞላቱን፣ አንድን ዛፍ ሁለት ቡድን ለየብቻ ለክቶ መነጻጸሩንና ልዩነቱ መጻፉን እንጂ የድምሩን ትልቅነት አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ትልልቅ ዛፎች የነበሩበት ግቢ ስለወረሰ ሊሆን ይችላል፤ ዝቅ ያለውም ሜዳ ላይ የተሠራ አዲስ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

በሌሎች አገሮችም ተማሪዎች ያገኙት መረጃ ለሳይንስ ጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ የጀመረው ግሎብ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ከ100 በላይ አገሮች የሚገኙ ተማሪዎች የዛፍ ቁመትና ዙሪያን ጨምሮ የአካባቢያቸውን ልኬት በአንድ ሥርዓት እንዲሰበስቡ አድርጓል። እኛም ከእነርሱ የልኬቱን ሥርዓት መውሰድ እንችላለን። ዛፎቹ፣ ጥያቄዎቹና መዝገቡ ግን የእኛው መሆን አለባቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው ሠላሳ ዛፍ እንኳን ለአሥር ዓመት ቢከታተሉ፣ የትኛው አገር በቀል ዛፍ በየትኛው ከፍታ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ፣ የደን ባለሙያዎቻችንም ሊመረምሩት የሚፈልጉት መረጃ ይኖረናል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲጀመር አልጠይቅም። በመጪው የትምህርት ዘመን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላን የሚወክሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተመርጠው፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጀመሪያውን ልኬት መሬቱ በሚደርቅበትና መንገዱ በሚመችበት በጥር ወር ቢያደርጉ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ትምህርት ሳይዘጋ በግንቦት ቢደግሙት፣ የመምሪያውም ረቂቅ በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ተፈትኖ ቢታረም መልካም ነው እላለሁ። ትልልቅ ዛፎች በአንድ ዓመት የሚጨምሩት ዙሪያ ትንሽ ስለሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ዕድገት እንዳይጠበቅ ለመምህራን አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ መነሻውን በትክክል መመዝገብ ነው። ምርጫው በሚካሄድበት ጊዜ ትምህርት ቤታችን ከፈቃደኞቹ መካከል እንዲታሰብ፣ እኔም ለመምሪያው ዝግጅት በማንኛውም ጊዜ ልጠራ ዝግጁ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር
አዲስ አበባ